ሚቲዎሮሎጂና ጠቀሜታው፦ ከዓባይ ሸለቆ እስከ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች

በሚያዝያ ወር በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል የሚኖር የቆላ አርሶ አደር ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ማሳውን አርሶ አለስልሷል፤ የማሽላ ዘሩንም አዘጋጅቷል። ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ በዚህ ሰሞን በሚጥለው ዝናብ ካልተዘራ ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት ፍሬ አይቋጥርም። የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ ከዘራ በኋላ ዝናቡ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ቢቋረጥ ግን ቡቃያው ይደርቃል፤ ዘሩም ድካሙም ይባክናል። ከእርሱ መንደር የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በከፍተኛው ደጋ የሚኖረው አርሶ አደር በበኩሉ በጥርና በየካቲት የዘራው የበልግ ገብስ በዝናብ እጥረት እንዳይጠወልግ ይሠጋል።

የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። ዝናቡ መቼ ይገባል? ምን ያህል ይቆያል? መቼስ ይወጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በልኬትና በስሌት ላይ የተመሠረተ መልስ ለመስጠት የሚጥረው ሳይንስ ሚቲዎሮሎጂ ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሳይንሱን ምንነት፣ የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚነበብ፣ እንዲሁም መረጃው ለኅብረተሰቡ ያለውን ጠቀሜታ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ያለውን ተጨባጭ ሁኔታ መነሻ በማድረግ ያስተዋውቃል።

ሚቲዎሮሎጂ ምንድን ነው?

ሚቲዎሮሎጂ ምድርን የከበባትን አየር፣ በውስጡ የሚከናወኑ ለውጦችንና የለውጦቹን መንስኤዎች የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። የሙቀት መጠን፣ የአየር ግፊት፣ እርጥበት፣ የነፋስ አቅጣጫና ፍጥነት፣ የዝናብ መጠን፣ የደመና ሽፋንና የፀሐይ ብርሃን ዋና ዋናዎቹ የጥናቱ መለኪያዎች ናቸው። እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። ፀሐይ መሬትን ስታሞቅ መሬቱ በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ይቀልልና ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ የያዘው የውኃ ተንም ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተለውጦ ደመና ይሆናል። ጠብታዎቹ ተዋሕደው ሲከብዱ በዝናብ ወይም በበረዶ መልክ ይወርዳሉ።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ተደራጅቶ የተጀመረው ከአቪዬሽን ዘርፍ ጋር በተያያዘ ነው። አውሮፕላን ለመነሳትም ሆነ ለማረፍ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የደመናውን ከፍታና የእይታውን ርቀት ማወቅ የግድ ስለሚለው አገልግሎቱ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ሆኖ ሲሠራ ቆይቷል። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ ራሱን የቻለ ብሔራዊ ተቋም የሆነ ሲሆን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስያሜ ይታወቃል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የአገሮችን ምልከታ የሚያስተባብረው የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የተመሠረተበት ስምምነት እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1950 ሥራ ላይ የዋለ በመሆኑ፣ በየዓመቱ መጋቢት 14 ቀን የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ቀን ሆኖ ይከበራል።

የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት ልዩነት

ሁለቱ ቃላት በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ሲነገሩ ይሰማል። በሳይንሱ ግን የተለያየ ትርጉም አላቸው። የአየር ሁኔታ በአንድ ቦታ፣ በአንድ የተወሰነ ጊዜ ያለው የአየር ጠባይ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በመካነ ሰላም ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ መጣሉ ወይም ሌሊቱ ብርድ መሆኑ የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ደግሞ በብዙ ዓመታት ምልከታ የተገኘ የአንድ አካባቢ የአየር ጠባይ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ለማወቅ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው ጊዜ ቢያንስ 30 ዓመት ነው።

ልዩነቱ በውሳኔ ላይ የራሱ ውጤት አለው። አርሶ አደሩ የትኛውን ሰብል ማምረት እንደሚችል የሚወስነው በአካባቢው የአየር ንብረት ነው፤ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚያርምና መቼ እንደሚያጭድ የሚወስነው ግን በአየር ሁኔታው ነው። ደርቆ የነበረ አንድ ዓመት ብቻውን የአየር ንብረት መለወጡን አያሳይም፤ ዝናብ የጠገበ አንድ ዓመትም ለውጡ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆነው ሳይቋረጥ ለዓመታት የተያዘ መዝገብ ነው።

ከፍታ የሚፈጥረው ልዩነት

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ በቦረና ወረዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ መሬቱ በገደልና በእርከን እየወረደ ደቡብ ወሎን ከምሥራቅ ጎጃም ወደሚለየው የዓባይ ሸለቆ ይደርሳል። በሰሜን በሽሎ፣ በደቡብ ወለቃ ጥልቅ ሸለቆዎችን ቀደው ወደ ዓባይ ይገባሉ። ወደ ለጋምቦና ወደ ሳይንት ሲኬድ ደግሞ መሬቱ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ የሙቀት መጠኑ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በሸለቆው ውስጥ በ1100 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ማሳና በመካነ ሰላም መካከል ያለው የ1500 ሜትር ልዩነት ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ይፈጥራል። ኅብረተሰቡ ይህን እውነታ ከመሣሪያዎች መምጣት አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ከ1500 ሜትር በታች ያለውን ቆላ፣ ከዚያ እስከ 2300 ሜትር ያለውን ወይና ደጋ፣ እስከ 3200 ሜትር ያለውን ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ውርጭ ብሎ የሚከፍለው ነባር አከፋፈል ዛሬም በግብርና ሥራ ላይ ያገለግላል። በቆላው ማሽላና በቆሎ፣ በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ በደጋው ገብስና ባቄላ የሚመረቱት በዚሁ ምክንያት ነው።

በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩትም ቅዝቃዜውና እርጥበቱ የሚስማማቸው በመሆኑ ነው። ደመና ሲያልፍ የአስታው ቁጥቋጦና የጓሳው ሣር የሚይዙት እርጥበት ወደ አፈሩ ይሰርግና በበጋ ለምንጮች ስንቅ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት የአየር ንብረት ሲኖር፣ ለወረዳው በሙሉ የተነገረ አንድ ትንበያ ለሁሉም ቀበሌ እኩል አይሠራም። ትንበያውን ከራስ ቀበሌ ከፍታና ከተራራው አቀማመጥ ጋር አገናዝቦ መረዳት ያስፈልጋል።

ሦስቱ ወቅቶችና መንስኤዎቻቸው

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ዓመቱን በሦስት ወቅቶች ይከፍለዋል። እነዚህም ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ናቸው።

በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡ ነፋሶች የሚገናኙበት ቀጠና አብሯት ወደ ሰሜን ይጓዛል። በዚህ ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ በኩል የሚነፍሰው እርጥበት አዘል አየር የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች ሲያገኝ ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቅዞም ዝናብ ይሆናል። ዝናቡ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ጠንክሮ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የመኸር ሰብልም በዚህ ዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው።

የበልግ ዝናብ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በሚነሳ እርጥበት ላይ ይመሠረታል። ይህ እርጥበት ከሰሜን አልፎ አልፎ ከሚመጡ የአየር ሥርዓቶች ጋር ሲገናኝ ዝናብ ይሰጣል፤ ሳይገናኝ ሲቀር ሰማዩ ደርቆ ይሰነብታል። የበልግ ዝናብ ከክረምቱ ይልቅ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቀውም በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ለጋምቦ ባሉ ከፍተኛ ደጋዎች በክረምት ብርዱና የውኃው ብዛት ሰብል ስለሚጎዳ፣ ብዙ ቤተሰብ የዓመት ቀለቡን የሚጠብቀው ከበልግ ገብስ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች የበልግ መዛባት የዓመቱ ዋና ምርት መዛባት ማለት ነው።

በበጋ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ያይላል። ሰማዩ ጥርት በሚልበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ሰማይ ስለሚያጣ በማለዳ ውርጭ ይታያል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። በዚህም ምክንያት በአንድ ኮረብታ ሥር ያለው ባቄላ በውርጭ ተቃጥሎ ከፍ ብሎ በተዳፋቱ ላይ ያለው ሳይነካ ሊያድር ይችላል።

ከአገር ውጭ ያሉ ክስተቶችም በእነዚህ ወቅቶች ላይ ተጽዕኖ አላቸው። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል የውኃው ገጽ ከተለመደው በላይ ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ክስተቱ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለ ልዩነት ይመላለሳል። በአብዛኛው ኤልኒኖ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ ያሳንሳል፤ ላኒና ያጠናክረዋል። ይሁንና ድርቅ ሁሉ በኤልኒኖ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ኤልኒኖ በተከሰተ ቁጥርም ሁሉም አካባቢ እኩል አይጎዳም።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚደረግ ልኬት

ማንኛውም የአየር ትንበያ የሚጀምረው ከምልከታ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች በሚሰጡት አገልግሎት በደረጃ ይለያሉ። አንደኛ ደረጃ ጣቢያዎች አብዛኞቹን የአየር ሁኔታ መለኪያዎች ይመዘግባሉ፤ ሦስተኛ ደረጃ ጣቢያዎች ዝናብንና የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሙቀት መጠን ይለካሉ፤ አራተኛ ደረጃ ጣቢያዎች ዝናብን ብቻ ይለካሉ። የሙቀት መለኪያዎቹ ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ጎኖቹ አየር በሚያሳልፉ ሣጥን ውስጥ ከመሬት ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ይህም የፀሐይ ጨረር በቀጥታ አርፎባቸው የአየሩን ሳይሆን የራሳቸውን ሙቀት እንዳያሳዩ ለመከላከል ነው።

ያለፈው 24 ሰዓት ዝናብ የሚለካው በየዕለቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ልኬቱ የሚገለጸው በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ሩብ ሄክታር በሚሆን አንድ ጥማድ መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ማሳው 50,000 ሊትር ውኃ አገኘ ማለት ነው። ይህ ውኃ በእርከንና በቦይ ተይዞ ወደ አፈሩ ከሰረገ የዝናብ መቋረጥን ለመሻገር ያግዛል፤ ካልተያዘ ግን ለም አፈሩን ጠርጎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል።

የምልከታ ሥራ ቀላል ቢመስልም ታላቅ ታማኝነትን ይጠይቃል። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ዜሮ ይመዘገባል። ልኬት ባልተወሰደበት ቀን ግን ዜሮ ሊጻፍ አይገባም፤ ቦታው ባዶ መተው አለበት። ያልተለካ ቀን ደርቆ እንደዋለ ቀን ከተቆጠረ ያልነበረ ድርቅ በመዝገብ ላይ ይፈጠራል። የሁለት ቀን ዝናብ እንደ አንድ ቀን ከተጻፈም ያልነበረ ከባድ ዝናብ ይመዘገባል። ከዓመታት በኋላ በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የድልድይ ከፍታ፣ የግድብ መጠን ወይም የሰብል መድን ክፍያ ሊወሰን ስለሚችል፣ የአንድ ቀን ግድፈት የሚያስከትለው ጉዳት በዚያ ቀን ብቻ አይወሰንም።

ጣቢያዎች ባልተተከሉባቸው ቦታዎች ያለውን ክፍተት ለመሙላት የሳተላይት መረጃ ጥቅም ላይ ይውላል። ሆኖም ሳተላይት ዝናብን የሚገምተው በአብዛኛው ከደመናው አናት ሙቀት ተነስቶ ነው። ተራራና ሸለቆ በተቀራረቡበት እንደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ባለ አካባቢ ግምቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው በመሬት ላይ በተወሰደ ልኬት ነው።

ትንበያ እንዴት ይነበባል?

ኢንስቲትዩቱ የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያዎችን ያወጣል። የወቅቱ ትንበያ የሚዘጋጀው በውቅያኖሶች ላይ የሚታየውን ሁኔታ በመመርመር፣ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ሁኔታ በታየባቸው ዓመታት ዝናቡ ምን እንደሚመስል በማነጻጸርና የኮምፒዩተር ስሌቶችን በመጠቀም ነው። በኮምቦልቻ የሚገኘው የኢንስቲትዩቱ የአገልግሎት ማዕከልም መረጃውን ለአካባቢው በሚስማማ መልኩ ያቀርባል።

የወቅት ትንበያ የሚነገረው ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛው በታች በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ነው። ትርጉሙን ለመረዳት የ30 ዓመት ዝናብ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው በቅደም ተከተል ተደርድሯል እንበል። ዝቅተኛ ዝናብ የታየባቸው አሥሩ ዓመታት ከመደበኛው በታች፣ መካከለኞቹ አሥር መደበኛ፣ ከፍተኛ ዝናብ የታየባቸው አሥሩ ደግሞ ከመደበኛው በላይ ይባላሉ። ምንም ተጨማሪ መረጃ ከሌለ የሦስቱም ዕድል እኩል ነው። ለምሳሌ ያህል ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆኑ 35 በመቶ፣ ከመደበኛው በላይ የመሆኑ 20 በመቶ ነው ቢባል፣ ሚዛኑ ወደ ደረቁ አዘንብሏል ማለት እንጂ ዝናብ አይጥልም ማለት አይደለም። በእንዲህ ያለ ዓመት መደበኛ ዝናብ ቢጥል ትንበያው ውሸት ነበር ማለት አይቻልም።

ከዚህ ጋር በተያያዘ የዝናብ መግባት የሚለው አባባልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ቀን የጣለ ዝናብ ወቅቱ ገብቷል አያሰኝም። በአገራችን ከሚሠራባቸው መስፈርቶች አንዱ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መገኘቱንና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ረጅም የደረቅ ቀናት አለመኖራቸውን ይመለከታል። ለማሽላ ዘሪው አርሶ አደር አስፈላጊው መረጃ ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው። የዘር ጊዜው ሲቃረብ የሚወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ከወቅቱ ትንበያ ጋር አጣምሮ መከታተል የሚመከረውም ለዚህ ነው።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ከነፋስ አቅጣጫ፣ ከከዋክብት አቀማመጥ፣ ከዕፅዋት ማበብና ከእንስሳት ጠባይ በመነሳት ወቅቱን የመገመት የቆየ ልምድ አላቸው። ዝናብ ሲዘገይም ሕዝበ ሙስሊሙ በዱዓ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ በምህላ ፈጣሪውን ይማጸናል። ሳይንሳዊ መረጃው እነዚህን የሚተካ አይደለም። አርሶ አደሩ ከአባቶቹ በወረሰው ዕውቀት ላይ አክሎ የሚጠቀምበት ተጨማሪ አቅም ነው።

መረጃው የሚሰጠው ጥቅም

በግብርና ረገድ ትንበያ ከዘር መረጣ እስከ ምርት መሰብሰብ ያለውን ሥራ ይመራል። ዝናቡ እንደሚዘገይ ከታወቀ ረጅም ጊዜ በሚፈልገው ማሽላ ምትክ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን ወይም ጤፍን ማዘጋጀት ይቻላል። ክረምቱ ከመደበኛው በላይ ይሆናል ሲባል ውኃ በሚቋጥረው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ የማንጣፈፊያ ቦይ ቀድሞ ማውጣት፣ ውኃው ከሸሸ በኋላም በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ መዝራት ይገባል። ቀዝቃዛና እርጥበት አዘል ሰሞን ለስንዴ ቢጫ ዋግ ስለሚመች የማሳ አሰሳውን ማጠናከር ያስፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ እንደሚኖር ሲገለጽ ደግሞ የደረሰውን ሰብል ሳይዘገዩ አጭዶ መከመር በአንድ ሌሊት ሊጠፋ የሚችለውን የዓመት ልፋት ያድናል።

በጤና ረገድ ክረምቱ ሲወጣ በቆላው የሚቀረው የታቆረ ውኃና ሞቃት አየር ለወባ ትንኝ መራባት አመቺ ነው። ከደጋው ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ለበሽታው የበለጠ ስለሚጋለጡ፣ በዚህ ወቅት አጎበር መጠቀምና ትኩሳት ሲሰማቸው ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባቸዋል።

በውኃና በኃይል ዘርፍም ጠቀሜታው ከአካባቢው ያልፋል። በእነዚህ ደጋዎች የሚጥለው ዝናብ በበሽሎ፣ በወለቃና በሌሎች ገባሮች በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የውኃ አያያዝም የላይኛው ተፋሰስ የዝናብ መረጃ አስፈላጊ ግብዓት ነው። በተዳፋቱ ላይ የሚሠራው የእርከንና የደን ልማት የሚጠብቀው የአርሶ አደሩን አፈር ብቻ አይደለም፤ ወደ ግድቡ የሚወርደውን ደለልም ይቀንሳል።

በአደጋ መከላከል ረገድ ደግሞ ከባድ ዝናብ፣ በረዶ፣ መብረቅ፣ ድንገተኛ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በተራራማ አካባቢ ሕይወት የሚቀጥፉ አደጋዎች ናቸው። ለተከታታይ ቀናት ሲዘንብ ከገደል ሥር መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፎች ሲያዘነብሉ ወይም የምንጭ ውኃ በድንገት ሲደፈርስ ከታየ ቦታውን ለቆ ማደርና ለቀበሌ አስተዳደሩ ማሳወቅ ይገባል። ነጎድጓድ ሲሰማ ከብቸኛ ዛፍ ሥርና ከገላጣ ሜዳ ርቆ ቤት ውስጥ መጠለል፣ ደራሽ ውኃ የያዘን ወንዝም እስኪጎድል ጠብቆ መሻገር የሰው ሕይወት ያድናል።

ካለፈው ዘመን የተገኘ ትምህርት

ወሎ የዝናብ መዛባት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት የተከሰተው ረሃብ በጊዜው በግልጽ ባለመነገሩና እርዳታው በመዘግየቱ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመውም ይህን ተከትሎ ነው። በ1976 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ሳይሰምር በመቅረቱ፣ በጊዜው ከነበረው ጦርነት ጋር ተዳምሮ፣ በ1977 ዓ.ም. ዓለምን ያስደነገጠ እልቂት ደርሷል።

በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከተዛባ በኋላ በኃይለኛ ኤልኒኖ ምክንያት ክረምቱም ደከመ። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ወገኖች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ይፋ ሆነ። ችግሩ ከባድ የነበረ ቢሆንም እንደ ቀድሞው ዘመን ያለ የጅምላ እልቂት አልደረሰም። ለዚህም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ የመጠባበቂያ እህልና የመንገድ መስፋፋት የየራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል። ከሦስቱ ዘመናት የሚገኘው ትምህርት የዝናብን መቅረት ማስቀረት ባይቻልም ድርቁ ወደ ረሃብ እንዳይለወጥ ማድረግ እንደሚቻል ነው። ይህም የሚሆነው መረጃው በወቅቱ ሲሰበሰብ፣ ሳይደበቅ ሲነገርና በመረጃው ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ ሲሰጥ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ

የኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሰነድ በቀደሙት 55 ዓመታት የአገሪቱ ዓመታዊ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መጨመሩን አሳይቷል። በዓለም ደረጃም እ.ኤ.አ. 2024 ልኬት ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ሞቃቱ ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል።

ለደጋው ይህ ማለት ሞቃት ቀጠናዎች ቀስ በቀስ ወደ ላይ መውጣታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ አካባቢዎች ላይ የተደረገ ጥናት በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደምትወጣ አመልክቷል። በወይና ደጋ ይመረቱ የነበሩ ሰብሎች ወደ ደጋው ሊወጡ ይችላሉ፤ ይህም ለአንዳንዱ አርሶ አደር አዲስ ዕድል ይሰጣል። የውርጭ ምድር ሕይወት ግን ከተራራው አናት በላይ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። የቀይ ቀበሮና የጓሳ ሣር መኖሪያ የሆኑትን ከፍተኛ ቦታዎች ከእርሻ መስፋፋትና ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ አስቸኳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከባለድርሻ አካላት የሚጠበቅ ተግባር

የሚቲዎሮሎጂ መረጃ ጥቅም የሚሰጠው ከጣቢያው ተነስቶ ማሳው ድረስ ሲደርስ ነው። ስለሆነም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የልማት ሠራተኞች የወቅቱን ትንበያ ለየቀበሌው ከፍታና የሰብል ዓይነት በሚስማማ መልኩ ተርጉመው ዘር ከመዘራቱ በፊት ማድረስ ይጠበቅባቸዋል። ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ቀላል የዝናብ መለኪያ በማስቀመጥ ተማሪዎችን በየዕለቱ እንዲመዘግቡ ማለማመድ ይችላሉ። ኅብረተሰቡም በአካባቢው የተተከሉ ጣቢያዎችን እንደ ራሱ ንብረት ሊጠብቃቸው፣ በመለኪያዎቹ አጠገብ ዛፍ ከመትከልና ከብት ከማሰር ሊቆጠብ ይገባል። አርሶ አደሩ ደግሞ የትንበያውን ዕድልነት ተረድቶ ሙሉ ዘሩን በአንድ ሰብል ላይ ባለማዋል፣ ለዳግም ዘር የሚሆን መጠባበቂያ በማስቀመጥና የዝናብ ውኃን በማሳው በመያዝ ሥጋቱን ማቃለል ይችላል።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በአንድ ጣቢያ የተመዘገበች ቁጥር ከ30 ዓመት በኋላ የአካባቢው የአየር ንብረት የሚታወቅባት ማስረጃ ትሆናለች፤ በሚቀጥለው ሚያዝያም የማሽላ ዘሩን ይዞ ሰማይ ለሚመለከተው አርሶ አደር የውሳኔው አጋዥ ናት። መዝገቡ ሳይቋረጥ እንዲቀጥልና መረጃው ለሚያስፈልገው ሰው በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ የተቋማትም የኅብረተሰቡም የጋራ ኃላፊነት ነው።